የታረቀኝ መስኮት

መሸሻ በሕይወት እያለ ይህን መጻፍ አልችልም ነበር። ያስማለችኝ ሚስቱ እትዬ አዲሳለም ናት። ባለፈው ጥር የመሸሻ አርባ ከወጣ በኋላ ግን ጠርታኝ፣ «አሁን ጻፈው። እናቶች ይስሙት» አለችኝ።

እትዬ አዲሳለም በእኛ ሰፈር፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለው ቁልቁለት፣ የሰው ልጅ ፀሐይ የምታሞቅ ሴት ናት። ጥጥም ትፈትላለች፤ የምትታወቀው ግን በዚህ ነው። አራስ ጠያቂ ዘመድ የሌላት፣ ወይም ቶሎ ሥራ የምትገባ እናት ልጇን ለእሷ ትሰጣለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቧንቧው አጠገብ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። እግሮቿን ትዘረጋና ሕፃኑን ራቁቱን ጭኗ ላይ ታስተኛዋለች። ቫዝሊን ትቀባዋለች፤ ዓይኑን በነጠላዋ ጫፍ ትጋርዳለች። መጀመሪያ ጀርባ፣ ቀጥሎ ሆድ። እኔም እዚያ ጭን ላይ አልፌአለሁ። በግቢያችን የሚሮጥ እግር ሁሉ የጠናው እዚያ ነው።

የራሷ ልጆች ግን አልቆዩላትም። ሁለቱ ሳይወለዱ ቀሩ። አንዷ በተወለደች በዘጠነኛው ቀን ሞተች። በአርባ ሁለት ዓመቷ እንደገና ስታረግዝ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ጓዳ ገብታ ተኛች። ደጅ የምትወጣው ለክትትል ብቻ ነበር፤ እሱንም ተሸፋፍና። ልጁ ሲወለድ ታረቀኝ አሉት። እግዚአብሔር ታረቀኝ ማለታቸው ነው።

ታረቀኝን ለሰው አላሳየችም። ሦስት ልጅ ያጣች ሴት የሰው ዓይን ብትፈራ የሚፈርድባት አልነበረም። ከመሸሻ ጋር አብሮ ሸማ የሚሠራው ጉታ ብቻ ነበር የማይተዋት።

«አንቺ አዲስ፣ ልጁ ተወልዷል ወይስ ታስሯል?»

«ምኑን ልታይ ነው? ጦጣ ነው የወለድኩት። ሂድ ሥራህን ሥራ!»

«ጦጣም ከሆነ እንጦጦ ቅርብ ነው፤ ወስደን ከዘመዶቹ እናገናኘዋ!»

ከውስጥ ስትስቅ እንሰማት ነበር። በዚያ ዓመት ብዙ ትስቅ ነበር።

ልጅ ያለ ፀሐይ እንደማያድግ ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። መላ ያገኘው መሸሻ ነው። ለበዓል የሠራውን ጋቢ ሰጥቶ ከፈረሰ ቤት የወጣ ባለ መስታወት መስኮት ወሰደ። በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። በምሥራቅ በኩል ያለውን የጓዳውን ጭቃ ግድግዳ ቀደደና፣ ከውጭ ሰው እንዳያይ ከፍ አድርጎ ገጠመው። ዙሪያውን በስቱኮ ደፈነው። ጨርሶ ሲወርድ፣ «በቃ፣ ፀሐይ ትገባለች፣ ዓይን አይገባም» አለ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ አልጋው ላይ ታርፋለች። እትዬ አዲሳለም ልጇን ራቁቱን ታስተኛዋለች። መጀመሪያ ጀርባ፣ ቀጥሎ ሆድ። ልጁ ይሞቀዋል፤ እግሩን ያወራጫል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል ፀሐይዋ ሥራዋን ሠራች ብላ ትሸፍነዋለች።

ታረቀኝ በአሥራ አንድ ወሩ ራሱን ችሎ መቀመጥ አልቻለም። የእጁ አንጓ ወፈረ። ደረቱ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተደረደሩ እብጠቶች ወጡ። የስንቱን ልጅ ገላ የሚያውቅ እጅ ስላላት ከሁሉ በፊት ያገኘችው እሷ ናት። አንድ ቀን ጥርሱን ነክሶ ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ ነጠላዋን ሳትይዝ ወደ ሆስፒታል ሮጠች። እኔም ወረቀት አንባቢ ሆኜ ተከተልኳት።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ራጁን ወደ ብርሃን ይዛ ብዙ አየችው።

«እናት፣ ልጁን ፀሐይ ያሞቁታል?»

እትዬ አዲሳለም ሳቀች። «እኔን ነው? የጉለሌን ልጅ ሁሉ ያሞቅኩ እኔ ነኝ እኮ። አንቺንም ሳላሞቅሽ አልቀርም፣ ልጄ።»

ዶክተሯም ሳቀች። «በየቀኑ?»

«አንድ ቀን አላስታጎልኩም።»

ዶክተሯ ካርዱ ላይ ጻፈች። ከጎን ሆኜ አነበብኩት። ፀሐይ በቂ ነው ይላል።

ከዚያም በቀስታ አስረዳችን። ፀሐይዋ ቆዳ ላይ አንድ ነገር ትጀምራለች፤ አትጨርሰውም። ደም ወደ ጉበት ይወስደዋል። ጉበት ይለውጠውና ለኩላሊት ይልከዋል። ኩላሊት ሲጨርሰው ነው አንጀት ከእናት ወተት ውስጥ ለአጥንት የሚሆነውን መውሰድ የሚችለው። «ፀሐይ እያገኘ አጥንቱ እንዲህ ከለሰለሰ ችግሩ ከውስጥ ሊሆን ይችላል። ጉበቱንና ኩላሊቱን እንይ» አለች።

ደም ተቀዳ፣ ሽንት ተወሰደ። ውጤቱ ሁለት ሳምንት ቆየ።

እትዬ አዲሳለም ቤት ስትመለስ ለመሸሻ በሚገባው ነገር አስረዳችው። «እኔ እፈትላለሁ፣ ጉታ ድሩን ያዘጋጃል፣ አንተ ትሠራለህ አይደል? የልጁም ሆድ ውስጥ እንደዚያ ነው። አንዱ ለአንዱ ያቀብላል።»

«ታዲያ ማነው አላቀብልም ያለው?»

«ጉበቱ ይሆናል፣ ወይም ኩላሊቱ።»

መሸሻ መወርወሪያውን እንደያዘ ወደ ልጁ አየ። «የኔን ቢያወጡለት አይሆንም?» አለ። እያሾፈ አልነበረም።

ውጤቱ በደረሰበት ቀን ታረቀኝ ማሳል ከጀመረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ሲተነፍስ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ወዲያው አስተኙትና ኦክስጅን አደረጉለት። ዶክተሯ ወረቀቱን ደጋግማ አየች። ጉበቱ ደህና ነው። ኩላሊቱም ደህና ነው። ካርዱን ወደ ኋላ ገለጠች።

«እናት፣ የት ነው የሚያሞቁት?»

«ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ።»

«መስኮቱን ከፍተው?»

«ምን ሲደረግ! ብርድ እንዲመታው? መስታወት አለው እኮ።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን እንደሚያሳልፍ፣ ቆዳ ላይ ሥራውን የሚጀምረውን ጨረር ግን እንደሚያስቀር ነገረቻት። አልተቆጣቻትም። ያን ቀን ብትቆጣት ይሻል ነበር እላለሁ።

 እትዬ አዲሳለም፣ «ጉበቱ ደህና ነው አልሽኝ?» አለቻት።

«አዎ፣ ደህና ነው።»

«ኩላሊቱም?»

«ደህና ነው።»

«ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር በይኛ። የሚያቀብላቸው አጥተው።»

 መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት ተጀመረ። ግን የጎድን አጥንቱ ለስላሳ ስለነበር ትንፋሹን ሊሸከምለት አልቻለም። በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ታረቀኝ አረፈ።

መሸሻ በፌስታል ልብስ ይዞ ሲመጣ በኮሪደሩ ጫፍ አየነው። እትዬ አዲሳለም ክንዴን ጨበጠችኝ።

«ሳንባው ነው እንለዋለን። ሐሰት አይደለም።»

«እሺ።»

«የመስታወቱን ነገር እንዳትነግረው። ማልልኝ።»

ማልኩላት። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። ሁሉም የሚለው ዶክተሯ ያለችውን ነው። ቀደም ብዬ ባነበው ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በሣልስቱ ጠዋት ለቀስተኛው ጓዳ ድረስ ሞልቶ ነበር። ሁለት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ እንደ ልማዷ በመስኮቱ ገብታ ባዶው አልጋ ላይ አረፈች።  መሸሻ ቀና ብሎ መስታወቱን አየ።

«መስኮቱ ባይኖር ይህን ያህልም አይቆይልንም ነበር» አለ።

 ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«አዎ» አለች እትዬ አዲሳለም። «ይህን ያህልም አይቆይልንም ነበር።»

ከወራት በኋላ ወደ ድንጋይዋ ተመለሰች። አንዲት እናት ልጇን በመስኮት በኩል እንደምታሞቅ ከነገረቻት፣ «አውጪው! ደጅ አውጪው!» ብላ ትጮህባታለች። ለምን ስትባል ከቤት ውስጥ የመሸሻ መወርወሪያ ድምፅ ይሰማል፤ ዝም ትላለች።

መሸሻ እስኪሞት ድረስ አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ያን መስኮት ይወለውል ነበር። በርጩማ ላይ ይቆማል። መስታወቱን በትንፋሹ እፍ እያለ በጨርቅ ያሸዋል፤ ራሱን ዘንበል አድርጎ እድፍ ቀርቶ እንደሆነ ያያል። እትዬ አዲሳለም ከሥር ትቆማለች። ውሃውን የምታቀብለው እሷ ነበረች።