ኦፔራ ቤት ውስጥ ያጠፋሁት ስልክ

ከድሬዳዋ የወጣሁት ሙቀቱ በረድ ባለበት አመሻሽ ላይ ነው። ዲቪ የደረሰው ሰው እንዴት እንደሚሸኝ ታውቁታላችሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ካልሸኘሁ ብሎ ባጃጅ ላይ ተጫጭኖ ኤርፖርት ደረሰ። ጥበቃው አላሳልፍም ሲለው አባዬ እዚያው በሩ ላይ ቆመና «ሰሉ! አንገትሽን እንዳትደፊ! የትም ብትገቢ እንደ ሰው ግቢ!» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፈርኩ።

እናቴ ያረፈችው በልጅነታችን ነው። እኔንና ወንድሜን ያሬድን አባዬ ያሳደገን ሲኒማ ቤት በር ላይ ቲኬት እየቀደደ ነው። ፊልም ሲቋረጥ ሕዝቡ ያፏጫል፣ ወንበር ይደበድባል፤ እሱ ገብቶ «አቦ ቁጭ በሉ፣ ይቀጥላል!» ሲል ግን ጸጥ ይላሉ። እኛ ጋ ፊልም በዝምታ አይታይም። «ኧረ ከኋላህ ነው፣ ዙር!» ብሎ አክተሩን የሚያስጠነቅቅ አይጠፋም። ርካሹ አግዳሚ ከፊት ነው፣ ስፖንጅ ያለው የነጋዴዎቹ ወንበር ከኋላ። ጩኸቱ ግን የሁሉም ነበር።

እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ አቶ በዛብህ የሚባሉ ሰው ቤዝመንት፣ ምድር ቤታቸውን ማለት ነው፣ ተከራየሁና ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ሚስ ኤለን የሚባሉ ባልቴት የምንከባከብበት ሥራ አገኘሁ። ሚስ ኤለን ከባላቸው ጋር ዕድሜ ልካቸውን ኦፔራ ያዩባቸው፣ በየዓመቱ የሚከፍሉባቸው ሁለት ወንበሮች ነበሯቸው። ባልየው ሲሞቱ አንዱ ወንበር ባዶ ሆነ። አንድ ቀን ልጃቸው ኮል አደረገችኝ።

«እሑድ ከሰዓት እማዬን ኦፔራ ትወስጃታለሽ። ጥቁር ቀሚስ አለሽ?»

«አለኝ፤ የለቅሶ ነው።»

«ፐርፌክት! ሌላው ሳያጨበጭብ እንዳታጨበጭቢ። ከረሜላ ከያዝሽ ወረቀቱን ቀድመሽ ላጪው፣ ይንኮሻኮሻል። ስልክማ አይታሰብም።»

እሑድ ስወጣ አቶ በዛብህ ደረጃው ላይ አገኙኝ። እድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ለቅሶ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አይ፣ ኦፔራ ነው። ሥራ ነው።»

«ከፍለውሽ ዘፈን ልታዪ? እኔ ስንቱን ሰው እዚያ በር ላይ አውርጃለሁ፣ አንድም ቀን ግባ ያለኝ የለም!»

«እርስዎም ይግቡ እንጂ፣ ማን ከለከለዎት?»

«መኪናውን የት አቁሜ?» ብለው ሳቁ።

በዚያ ሰሞን አባዬ ጉሮሮው ላይ እጢ ተገኝቶበት አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው ተብሏል። ሐኪሞቹ አልደበቁትም፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ አይኖረውም። ረቡዕ ከሥራ ቀርቼ እስኪበቃን ልናወራ ተቀጣጥረናል።

ኦፔራ ቤቱ ውስጥ ነገሩ ከእኛ ተገላቢጦሽ ነው፤ ውዱ ወንበር ከፊት፣ ርካሹ ከላይ ከጣራው ሥር። እኛ ከፊት ነን፣ መደዳው መሀል። ሰዉ እንደ ቅዳሴ ጸጥ ብሏል። ምናለ አንድ ሰው እንኳ ለዚያች ውሸታም ወንድ ላፈቀረች ምስኪን ዘፋኝ «ተይ፣ አትመኚው!» ቢላት አልኩ በሆዴ። ግን ድምፅዋ! ያለ ማይክ አዳራሹን ሞላው። እጄ ላይ ፀጉሬ ቆመ።

በዕረፍቱ ከአጠገቤ የተቀመጠችው የሉል ሐብል ያጠለቀችው ሴትዮ «ኤለንን በምን ታውቂያታለሽ?» አለችኝ።

«ጓደኛሞች ነን» አልኳት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከአፌ ወጣ። ሚስ ኤለን ሰምተው ፈገግ አሉ።

«ከየት ነሽ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ኦ፣ ምግባችሁን እኮ እንወደዋለን! በተለይ በእጅ መብላቱን!»

ከዕረፍት መልስ ዘፋኟ ቀስ ብላ ጀምራ ነበር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ስልኩ መንዘር ጀመረ። ድምፁን እንጂ ንዝረቱን አላጠፋሁትም ነበር። ገለጥ አድርጌ ሳይ ያሬድ ነው። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ዞሮ ገረመመኝ። ባለ ሉሏ ትንፋሿን በረጅሙ አወጣች። ሚስ ኤለን ጆሮዬ ላይ ተጠግተው «ከአገር ቤት ነው? ውጪና አናግሪ፣ እኔ ደህና ነኝ» አሉኝ።

ለመውጣት ያ ሁሉ የሐር ቀሚስ፣ ያ ሁሉ ጉልበት አንድ በአንድ መነሳት አለበት። ያን ጊዜ ሁሉም ምን እንደሆንኩ ያውቃሉ ብዬ አሰብኩ፤ ጓደኛቸው ሳልሆን አስታማሚያቸው፣ ቦታዋን ያላወቀች። «አይ፣ ይቅር» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ስልኩ ገና እየጠራ ነበር። ጭርሱን አጠፋሁት።

ከዚያ እስከ መጨረሻው ደስ ብሎኝ አየሁ። ዘፋኟ መድረኩ ላይ ስትሞት አለቀስኩላት።

ካፖርት መቀበያው ጋ ተሰልፈን ስልኬን ስከፍተው ያሬድ ደጋግሞ ደውሏል። ደወልኩለት።

«የት ነበርሽ?» አለኝ። «ትንፋሽ አጠረውና ሐሙስን መጠበቅ አይቻልም አሉ። አሁን ውስጥ ነው።»

«ቀዶ ጥገና?»

«አዎ። ሰሉን አገናኙኝ አለ። ትንሽ እንጠብቃት ብሎ ለመናቸው። ስደውል ስልክሽ ተዘጋ፣ ከዚያማ አይጠራም።»

«ምን ሊለኝ ነበር?»

«ለእኔ አልነገረኝም። ለሷ ነው የምነግራት አለ።»

ሚስ ኤለንን ወደ አሌክሳንድሪያ ስመልሳቸው ድልድዩ ላይ እንባዬ አላስነዳ አለኝ። ሙዚቃው የነካኝ መሰላቸው። «እኔንም መጀመሪያ ቀን እንዲሁ አድርጎኝ ነበር» ብለው ክንዴን ዳበሱኝ። አላረምኳቸውም።

አባዬ ዳነ፤ ድምፁ ግን ሄደ። እኔም በሚቀጥለው ጊዜ የሚስ ኤለን ልጅ ለኦፔራው ስትጠራኝ እምቢ አላልኩም፣ ሄድኩ። የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ ወደድኩት። መብራቱ ሲጠፋና ያ ድምፅ ሲነሳ እየወደድኩት፣ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ስልኩን እጨብጣለሁ።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ደወልኩ። አባዬ አንገቱን በሻርፕ ሸፍኖ ተቀምጧል፤ ያሬድ ከጎኑ ሆኖ ከንፈሩን እያነበበ ይነግረኛል። ያን ቀን ምን ልትለኝ ነበር ብዬ ልጠይቀው ፈለግኩ፣ አልደፈርኩም። እሱ ቀደመኝ።

«ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርሽ ወይ እያለሽ ነው» አለኝ ያሬድ።

አባዬ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ይጠብቃል።

«አዎ አባዬ» አልኩት። «ሥራ ላይ ነበርኩ።»

እሺ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ያሬድ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት፣ «ተወው፣ ገብቶኛል» አልኩት። በርቺ ነው ያለኝ።