መርዶ የማያውቅ ድረ ገጽ

ይህ የሆነው ጦርነቱ ከወልድያ ባፈናቀለን ክረምት፣ ደሴ ተጠልዬ ሳለሁ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ይመር ከትውልድ ቀያችን ከመርሳ አልወጣም ነበር። «ከብቶቹን ለማን ልተዋቸው?» ብሎ ቀረ። ስልክ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ የእሱን ወሬ መፈለግ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

እኛ የሀብሩ ወረዳ ልጆች መረዳጃ ማኅበር አለን፤ የድረ ገጹ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ሶፍትዌሩን ከአንድ ድርጅት ያስገዛሁትም እኔው ነኝ። ደሴ ላይ የአባላቱን ዝርዝር የተፈናቃይ መዝገብ አደረግነው። በውርጌሳ በኩል በእግሩ የሚመጣውን ሁሉ እየጠየቅን፣ ማን የት እንዳለ እንጽፋለን። ከስም ጎን ሶፍትዌሩ የሚሰጠን ምርጫ ሁለት ነው፦ «አለ» ወይም «ሟች»። እኔ ሞኙ ምንም ሳላስብ አስሞላሁት።

አንድ ቀን ከግራና ከተማ የመጡ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ እናት፣ በተጠለሉበት ትምህርት ቤት አጠገባቸው ያለችን ሴት የልጃቸውን ስም እንድትፈልግላቸው ለመኗት። ፈለገች። «ሟች ይላል» አለቻቸው።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ተቀምጦ ነው። እሳቸው ግን የሚያውቃቸው ሰው በሌለበት ሲሚንቶ ላይ ወደቁ። ስሰማ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ለድርጅቱ ደወልኩ፤ ያንን ቃል አንሱልኝ ብዬ ለመንኩ። መለወጥ የሚችሉት እነሱ ብቻ እንደሆኑ፣ ጥያቄዬም ተራውን ጠብቆ እንደሚታይ ነገሩኝ። አላፍርም፣ ሰደብኳቸው።

ሰዓዳ በወልድያ ኮምፒውተር የምታስተምር መምህርት ናት፤ እሷም እንደኛው ተፈናቃይ። ምንጩ ክፍት የሆነ፣ ማንም በነፃ ወስዶ እንደሚመቸው የሚያስተካክለው ሶፍትዌር እንዳለ ድሮም ነግራኝ ነበር። በነፃ የሚሰጥ ነገር ምን ሊረባ ብዬ ስቄባታለሁ።

«ጋሼ፣ በተከራዩት ቤት በር ማዞር አይችሉም» አለችኝ አሁን። «ይሄ ግን የራስዎ ነው። ምን እንዲል ይፈልጋሉ?»

አብረውን የተፈናቀሉትን ሽማግሌዎችና ታላቃቸውን ሼህ እንድሪስን አማከርን። የሞተም ይሁን የተረፈ፣ ወሬው የተገኘ ሰው ስም ሲፈለግ ገጹ «ሼህ እንድሪስ ዘንድ ይምጡ» ብቻ እንዲል ተስማሙ። ሰዓዳ የማንንም ድርጅት ፈቃድ ሳትጠብቅ በሁለት ቀን ሠርታ ጨረሰችው። ሼሁ ከሽማግሌዎች ጋር ከመጠለያው አጠገብ ባለው መስጊድ አጥር ሥር መቀመጥ ጀመሩ። ሰውየው በሕይወት ካለ ዘመዱን ገና ከሩቅ ሲያዩት «አለ! አልሃምዱሊላህ፣ አለ!» ይላሉ።

በሳምንቱ እንደልማዴ የይመርን ስም ጻፍኩ። «ሼህ እንድሪስ ዘንድ ይምጡ» አለኝ። መዝገቡን ከፍቼ ማየት እችል ነበር፤ አልደፈርኩም። እየሮጥኩ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምጠብቀው ያቺን አንዲት ቃል ነበር።

ሼሁ አዩኝ። ምንም አላሉም። ሽማግሌዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው መሀላቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ወንድሜን ሰው ደግፎኝ አለቀስኩት። ሰዓዳን በዱዓዬ አልረሳትም። እትዬ ዘሀራን ግን እስከዛሬ ፊታቸው ቆሜ «አፉ በሉኝ» ማለት አልቻልኩም።