የሐጃ ዘይነብን ጉድጓድ ደረቀ ያልኩበት ቀን

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር። «ይህን ገመድ ያዝ፤ እንዳትለቅ።» ያዘዙኝ ጋሽ ማሩ ናቸው፤ ገንዳ ውሃ ከተማና አካባቢዋ ላይ የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ በመግጠም የታወቁ አንጋፋ ባለሙያ። እኔ ደግሞ ሰሊጥ ለማረም ከጎጃም ወርጄ፣ አረሙ ሲያልቅ አገሬ ከመመለስ ከተማ መቅረት የመረጥኩ ጎረምሳ ነበርኩ።

ገመዱ ጉድጓድ ውስጥ ከሚወርደው ፓምፕ ጋር የታሰረ ነው። ቱቦው ቢበጠስ ፓምፑን የሚያተርፈው እሱ ነው ተብያለሁ። ስለዚህ ያዝኩ። እግሬን ድንጋይ ላይ ተክዬ፣ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ። ሰዎቹ ሥራ አቁመው ጥላ ሥር ለምሳ ሲቀመጡ እንኳ አልለቀቅኩም። ጋሽ ማሩ እያላመጡ ሲያዩኝ ቆዩ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ።

«ፓምፑን ይዣለሁ።»

«ፓምፑንማ ክላምፑ ይዞታል። ገመዱም ከብረቱ ላይ ከታሰረ ቆይቷል። አንተ የያዝከው ትርፉን ነው። ና ብላ።»

ክላምፕ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቱቦውን አንገት አንቆ የሚይዝ፣ በብሎን የሚጠብቅ ብረት ነው። ያን ቀን አላውቀውም ነበር። ሠራተኞቹ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «ትርፉ» ይሉኝ ጀመር። አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር ምክንያቱ እንደ አዲስ ይተረክለታል።

በእኛ ሥራ ደረጃ አለ። ሰው ገመድና ሰንሰለት በመጎተት ይጀምራል። ቀጥሎ ቱቦ ከቱቦ የሚያጠብቀውን ትልቅ መፍቻ፣ ጂራቱቦውን ይይዛል። ከዚያ የኤሌክትሪክ ኬብሉን ከቱቦው ጋር በናስትሮ እያሰረ ያወርዳል። የመጨረሻው የሞተሩን ሽቦ ከኬብሉ ጋር መቀጠል ነው። መቀጠያው ውሃ ካስገባ ሞተሩ ስለሚቃጠል ጋሽ ማሩ ይህን ለማንም አይሰጡም ነበር። ለእኔ ሲሰጡኝ በችሎታዬ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። በኋላ ለሌላ ሰው ሲያስረዱ ሰማኋቸው። «ዓይኔ ደከመ፤ የሱ ጣት ደግሞ ቀጭን ነው» ነበር ያሉት።

አንድ ሚያዝያ ጋሽ ማሩ ለሕክምና ጎንደር ወጡና ሥራው በእኔ እጅ ወደቀ። በዚያው ሰሞን ከመተማ ዮሐንስ ሐጃ ዘይነብ ደወሉ። ሳሙና፣ ሽቶና ብርጭቆ የሚነግዱ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ግቢያቸው ሰፊ ነው። ማዶ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ከሱዳን የተሻገሩ የባላቸው ዘመዶች ሞልተውበታል። ውሃ የሚያስመጡት በአህያ ጋሪ ነበር። በጋው ሲከር ጋሪውም እየጠፋ አስቸገራቸው፤ ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈሩ።

«ውሃው ከወጣ ሁሉም እዚሁ ይኖራል» አሉኝ ገና ስደርስ። «ካልወጣ ሴቶቹን ከነልጆቻቸው ወደ ስደተኞች መጠለያው ልሰዳቸው ነው። ይህን ያህል ሰው በጋሪ ውሃ ማኖር አቃተኝ።»

«አይስጉ ሐጃ፤ ዛሬውኑ ሻወር ይወስዳሉ» አልኳቸው።

እንዲህ ያናገረኝ ቱታው ሳይሆን አይቀርም። የመተማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው የማይለብሰውን ወፍራም ሰማያዊ ቱታ ለዚያ ቀን ብዬ ገዝቼ ነበር። አለቃ አለቃ እንዲሸት ብዬ ነው። ረፋዱ ላይ የሸተተው ግን ሌላ ነገር ነበር።

መጀመሪያ ድንጋይ ያሰርኩበትን ሲባጎ ወደ ጉድጓዱ ላክሁ። ሲወጣ ከግማሹ በታች ርሷል። ከፍ አድርጌ ለግቢው ሰው ሁሉ አሳየሁና «ውሃው ሞልቷል» አልኩ። ከዚያ ሰንሰለቱ የሚንጠለጠልበትን ባለ ሦስት እግር ብረት አቁመን ፓምፑን ማውረድ ጀመርን። ቱቦ ይቀጠላል፤ በሰንሰለቱ ትንሽ ይነሳል፤ የታችኛው ክላምፕ ይፈታል፤ ወርዶ የላይኛው ይይዛል። ብረቱ በፀሐዩ ስለጋለ በጨርቅ ነበር የምንይዘው። እኔ ግን ጨርቅ አልያዝኩም፤ አለቃ ነኛ። ሁለት ቱቦ ሳይቀጠል መዳፌ ተላጠና አብረውኝ ከመጡት የቀን ሠራተኞች ጨርቅ ለመንኩ።

ሐጃ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ብለው ከጎረቤት ሽሮ አስመጥተው ነበር። በልተን ኬብሉን ከመቆጣጠሪያው ሳጥን፣ ሳጥኑን በሦስት ሽቦ ኃይል ከሚሰጠው ባለ ሦስት ፌዝ ጀነሬተራቸው ጋር አገናኘሁ። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ተሰለፉ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ቱቦው ተነፈሰ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ ከሻይ ማንቆርቆሪያ የሚቀዳውን የምታህል ውሃ አመጣ። ቆየን። ያው ማንቆርቆሪያ ነው።

«ፓምፑ ከፍ ብሏል፤ ማውረድ ነው» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ሁሉም ስላዩኝ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ሠርተን ተጨማሪ ቱቦ ቀጠልን። እንደገና አስነሳሁ። ማንቆርቆሪያው አልተለወጠም።

ያን ጊዜ ፍርዴን ሰጠሁ። «ሐጃ፣ ጉድጓዱ ደክሟል። ደርቋል ማለት ይቻላል።»

ሐጃ ሻሻቸውን ካስተካከሉ በኋላ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «ጠዋት ሲባጎህን ያረጠበው ታዲያ ምን ነበር?»

ላቤ ነው እንዳልል የወረደው ድንጋይ እንጂ እኔ አይደለሁም። «እሱ የላይኛው ውሃ ነው፤ ሲሳብ ወዲያው ያልቃል» አልኩ። እንዲህ የሚባል ውሃ መኖሩን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ሐጃ ወደ ሴቶቹ ዞረው በዓረብኛ ጥቂት ቃል ተናገሩ። አንዷ ጀሪካኗን አስቀምጣ ወደሚያድሩበት ዳስ ገባችና ፍራሽ መጠቅለል ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት። የጠቀለለው የእኔ ምላስ መሆኑን ያኔ አወቅሁ።

ከጠዋት ጀምሮ ኒም ዛፍ ተደግፎ ሲያየን የዋለ ጎልማሳ ነበር። አዩብ ይባላል፤ የሐጃ ባል የወንድም ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ አማርኛ አያውቅም ነበር። ተነስቶ መጣና የምትንጠባጠበዋን ውሃ አይቶ፣ ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ «ሞያ ማፊ?» አለ።

ማፊ ማለት የለም ማለት እንደሆነ መተማ የዋለ ሁሉ ያውቃል። ደሜ ፈላ። «ሞያማ አለኝ» አልኩ። «ከጋሽ ማሩ እግር ሥር ነው የተማርኩት። ይልቅ እሱ ምን ሞያ ኖሮት ነው ሰው የሚሰድበው?»

ሐጃ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ፍራሽ ሲጠቀልሉ ከነበሩት አማርኛ የምታውቀው ለሌሎቹ ተረጎመችላቸውና ሳቁ።

«ልጄ፣ በእነሱ ቋንቋ ሞያ ውሃ ነው» አሉኝ ሐጃ። «ውሃ የለም ወይ ነው ያለው።»

በሁለቱም ቋንቋ መልሱ አንድ ነበር።

አዩብ እጁን እያሽከረከረ ብዙ ተናገረ፤ ሐጃ ተረጎሙልኝ። «ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ወፍጮ ነበረው። አንድ ጊዜ የመብራት ሠራተኞች ሽቦ ጠግነው ሲሄዱ ወፍጮው ወደ ኋላ መዞር ጀመረ፤ ይጮሃል እንጂ አይፈጭም ነበር ይልሃል። ያንተስ የሚዞረው ወዴት ነው?»

«ሐጃ፣ ይህ እኮ ወፍጮ አይደለም። ያለው መሬት ውስጥ ነው፤ ወዴት እንደሚዞር ማን ያየዋል?»

«ካላየኸው በትክክለኛው አቅጣጫ እየዞረ መሆኑን እንዴት አወቅህ?»

አላወቅኩም ነበር። ጭራሽ አላሰብኩትም። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጋሽ ማሩ አዲስ ፓምፕ ባስነሱ ቁጥር ያጠፉና ሳጥኑን ከፍተው ሽቦ ያቀያይራሉ፤ እንደገና ያስነሱና ውሃውን ያያሉ። አንዳንዴ መልሰው ወደ ቀድሞው ያዞሩታል። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን እርጅና ነው እያልኩ በሆዴ እስቅባቸው ነበር።

ጀነሬተሩን አጠፋሁ። ሞተሩ በተቃራኒው እንዲዞር ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን በካቻቢቴ ፈትቼ አቀያየርኩ። ብሎኑ አንዴ ወድቆብኝ አዩብ አንስቶ ሰጠኝ። አስነሳሁና ደግሞ ማንቆርቆሪያ ይሆን እንደሆነ ለማየት ቱቦው አፍ ላይ ጎንበስ አልኩ።

ውሃው ደረቴን መትቶ በጀርባዬ አስተኛኝ። መጀመሪያ ጭቃ ነበር፤ ከዚያ ደፈረሰ፤ ከዚያ ጠራ። ከጭቃው ውስጥ ሆኜ ሳይ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ሊያነሱ እየሮጡ ነው። ፍራሽ መጠቅለል የጀመረችው ግን አልሮጠችም። ዳሱ ውስጥ ተንበርክካ ፍራሹን መልሳ ዘረጋችው፤ በእጇም አስተካከለችው።

ሐጃ መጥተው ከላዬ ቆሙ። «ሻወሩን አንተ ቀደምከኝ» አሉ።

ቱታው ቀለሙን ለቀቀ። አንገቴና ደረቴ ሰማያዊ ሆኖ ለብዙ ቀን አልለቅ አለኝ። በማግስቱ ደግሞ የጨመርኳቸውን ቱቦዎች መልሰን ማውጣት ነበረብን፤ ፓምፑን ከጉድጓዱ ወለል አስጠግቼው ስለነበር አሸዋ ይስብ ነበር። የቀን ሠራተኞቹ ቱቦውን ሲያወጡ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

ጋሽ ማሩ ከጎንደር ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸዋል። «ቱቦ ጨመርክ አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ውሃ ነው የፈለግከው ወይስ ወርቅ?»

ከዚያ አዩብን አስጠሩትና አብሮን እንዲሠራ ጠየቁት። ገመድ ሳይጎትት፣ ጂራቱቦ ሳይዝ በቀጥታ መቆጣጠሪያው ሳጥን ላይ ገባ፤ ደረጃውን ሁሉ ዘለለው። ቅር ብሎኝ ነበር፤ ግን ምን ብዬ ልቃወም። ዛሬ ጋሽ ማሩ ሥራ ትተው ቤታቸው ተቀምጠዋል፤ ሥራውን የምንመራው እኔና አዩብ ነን። ደንበኛ የማናግረው እኔ ነኝ። እኔ ተናግሬ ስጨርስ ደንበኛው ዞሮ አዩብን ይጠይቃል።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ፓምፕ ገጥማችሁ ውሃው ካነሰ፣ አጥፉና ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን አቀያይሩ። ብዙ ውሃ የሚሰጠው አዟዟር ትክክለኛው ነው። ጉድጓዱን መውቀስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።