መርዶ ከመርማሪ አልቀበልም

በእኛ አገር የሰው ሞት በስልክ አይነገርም። ሩቅ ያለ ዘመድ «ታሟል፣ ቶሎ ና» ይባላል። ሲመጣ በቀጥታ ሐዘኑ ቤት አይወስዱትም፤ ሌላ ዘመድ ቤት ያድርና፣ ሲነጋጋ፣ እህል ሳይቀምስ፣ የሚገባቸው ሰዎች መጥተው ያረዱታል። ማን እንደሚናገር፣ ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ፣ ሲወድቅ ማን እንደሚይዘው አስቀድሞ ይመከርበታል። አዲስ አበባ ያደጉ ወዳጆቼ ይኸን ሲሰሙ «ታዲያ ያው መዋሸት አይደለም?» ይሉኛል። አልከራከራቸውም። እኔን በዚህ ውሸት ያሰሩኝ ግን አዲስ አበቤዎች አይደሉም፤ ወጉን ከእናታቸው ጓዳ የተማሩ የዚሁ አገር ልጆች ናቸው።

ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነበርሁ። ተማሪዎች ሰልፍ ወጡና የወጡትን ስም ጽፈሽ አምጪ ተባልሁ፤ አላመጣሁም። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ከታፈሱ በኋላ «ዛሬ ቤትሽ እንዳታድሪ» የሚል መልእክት ደረሰኝና የለበስሁትን ልብስ ለብሼ ወጣሁ። ካምፓላ ገባሁ፤ የአገሬ ሰዎች በከፈቱት ምግብ ቤት ወጥ እየሠራሁ ዓመታት ኖርሁ። እናቴ በስልክ ባገኘኋት ቁጥር «መቼ ነው የምትመጪ?» ትለኛለች፤ እኔም «ለመስቀል» እላታለሁ። የትኛው መስቀል እንደሆነ ሁለታችንም አንጠያየቅም ነበር።

አንድ ቀን የእናቴ ወንድም ደወሉ። በእኛ በኩል ስልክ ጠፍቶ ስለከረመ ኔትወርክ ፍለጋ ቡሬ ድረስ በእግራቸው ሄደው ነበር። «እናትሽ ታማለች፤ ብትመጪ ጥሩ ነው» አሉኝ። ከድምፃቸው ሊገባኝ ይችል ነበር። አልገባኝም፤ እንዲገባኝም አልፈለግሁም። ወገቧን ብርድ ስለሚይዛት ወፍራም ሹራብ ገዛሁላት፤ ከኤምባሲ የመመለሻ ወረቀት ለምኜ ተነሣሁ።

የያዙኝ ጅጋን አልፈን ፍኖተ ሰላም ልንገባ ስንል፣ ኬላ ላይ ነው። ሁላችንም ከሚኒባሱ ወረድን። ወረቀቴን ያየው ታጣቂ «ከውጭ ነሽ?» ሲለኝ «ከዚሁ ነኝ» አልሁት። መልሱ አልተወደደልኝም። ሚኒባሱ ሹራቤን ከነሻንጣው ይዞ ሄደ፤ እኔን ከከተማው ጫፍ ወደሚገኝ አሮጌ የእህል መጋዘን ወሰዱኝ።

መጋዘኑ የበቆሎና የነቀዝ ሽታ አለው። ሴቶቹ በቆርቆሮ በተከለለ አንድ ጥግ ነበርን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት በእርሱ ፋንታ እርሳቸውን ይዘው መጥተዋል። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እንደገባሁ ከምንጣፋቸው ግማሹን ለቀቁልኝና፣ አገሬን ጠይቀው፣ እናቴን በገበያ እንደሚያውቋት ነገሩኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

መርማሪው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ አነጋገሩም የእኛው አገር የሆነ ሰው ነበር። «አንቺ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ «እርስዎ» እለዋለሁ። አክብሬው አይደለም፤ ያሳደገችኝን ሴት ላለማሰደብ ነው። ማን ላከሽ፣ ማን ይቀበልሻል፣ ገንዘቡ የት አለ አለኝ። እናቴ ታማ ልጠይቃት መጣሁ አልሁት። የአባቷን ስም፣ ቀበሌውን፣ ደብሩን ጠይቆኝ ወጣ።

በማግሥቱ ፈገግ ብሎ ተመለሰ። አስጠይቆ ኖሯል።

«እናትሽ ሞታለች» አለኝ። «አንቺ ካምፓላ እያለሽ ነው የተቀበረችው። የሞተ ሰው ልትጠይቂ መጣሽ?»

የተቀመጥሁበት ዱካ ጠበበኝ፤ እንባዬ መጣ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኔ እንባ አልገደደም፣ ቦታው ነው የገደደኝ። ቀና ስል ስልኩን ደግፎ ወደ ፊቴ እየቀረጸ አየሁት። ያን ጊዜ ያዳነኝ ንዴት ነው፤ እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። የእናቴን ሞት፣ አጎቴ ሊነግሩኝ ያልደፈሩትን፣ ይኼ ሰው ጠረጴዛ ላይ እንደ ማስረጃ ወረወረው።

«እናቴ ታማለች» አልሁት። «አጎቴ የነገሩኝ ይኸን ነው።»

«ሞታለች እያልሁሽ።»

«እርስዎ አጎቴ አይደሉም።»

በጥፊ መታኝ። ቀጥሎ የሚፈልገውን ነገረኝ። ካሜራው ፊት «ከውጭ ተልኬ ነው የመጣሁት፣ እናቴ ታማለች ያልሁት ሽፋን ነው» ብል በዚያው ቀን እለቀቃለሁ፤ ለቅሶዬን እደርሳለሁ፣ ተዝካሩም ሳያልፈኝ እናቴ ደጅ ቁጭ ብዬ እርሜን አወጣለሁ። አስቦበታል። እናቱ የሞተችበት ሰው ምን እንደሚርበው በደንብ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ባያውቅ ኖሮ እንደዚያ አልጠላውም ነበር።

«እርስዎ የት አገር አደጉ?» አልሁት። «እናትዎ ቢያርፉ እንዲህ ነው የሚያረዱዎት?»

ሰዎቹን ጠርቶ የፊጥኝ አሳሰረኝ። ቀኑን ሙሉ ግቢው መካከል ፀሐይ ላይ አዋሉኝ፤ ውኃ ስለምን አንዱ እየሣቀ አጠገቤ እግሩን ታጠበ። የቀኝ ትከሻዬ ተጎድቶ፣ እጄ ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ በላይ አይነሣም። ፀጉሬን የምሠራው በግራ እጄ ነው፤ በሠራሁ ቁጥርም እረግማቸዋለሁ። ይቅር በይ የሚሉኝ ቄስ አሉ፤ ገና ነኝ፣ አባቴ፣ እላቸዋለሁ።

ሲመልሱኝ እትዬ ትከሻዬን እያሹ መርማሪው ምን እንዳለኝ ጠየቁኝ። «እናቴ ሞታለች...» ስል አፌን በመዳፋቸው ያዙኝ።

«አትድገሚው» አሉ። «ጠላት ወሬ ያወራል እንጂ መርዶ አይነግርም። መርዶሽ ከወገንሽ ዘንድ ይጠብቅሻል፤ ማንም አይወስድብሽም።»

ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ጥግ «እግዜር ያጽናሽ» ያለኝ ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ በየተራ «እናትሽ እንዴት አደሩ?» ይሉኛል፤ እኔም «እንዳመማት ናት» እላለሁ፤ «እግዜር ይማራቸው» ይሉኛል። እንደ ቀልድ ተጀመረ፤ ኋላ ግን የሁላችን ሥራ ሆነ። ውኃ የሚያቀብሉን አንድ ሽማግሌ ሚሊሻ ነበሩ፤ ሰምተው ሰምተው አንድ ጠዋት ጀሪካኑን ሲያስገቡ፣ ወዲያ ወዲህ አዩና «እናትሽን ይማርልሽ» አሉኝ። አሣሪዎቼ ያሉትን ከአሣሪዎቼ አንዱ አላመነም። እንደዚያ ቀን ያለ ደስታ በዚያ ግቢ አላየሁም።

መርማሪው እየጠራ ያው ይጠይቀኛል። እናትሽ ምን ሆነች? ታማለች። የቀብሩን ቀን ይነግረኛል፤ የትኛው ዛፍ ሥር እንደተቀበረች ሳይቀር ይነግረኛል። ታማለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሞኝነቱ ለእኔ ይሁን። እያደር ግን እርሱ ስለ ተልእኮዬ መጠየቁን ትቶ እናቴን የመግደል ነገር ብቻ ያዘው። አንድ ጊዜ ጠረጴዛውን እየደበደበ «ማመን ምን ያደርግሻል?» ብሎ ሲጮህ ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

ጀግና ነበርሁ ግን አልልም። ተዝካሩ ሲቃረብ ሆዴ ተከፈለ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ተናግሬያት ብወጣ ማን ይፈርድብኛል? የእናቴ ነፍስ እኔ ሳልኖር በዘመድ ብቻ ልትሸኝ ነው። ከዚያ ቃሌን በቴሌቪዥን የሚያዩትን አሰብሁ፤ ከእኔ ቀጥሎ ከካምፓላ፣ ከሱዳን፣ ከየትም «ታማለች» ተብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ በእኔ ቃል ይታሰራል። ዝም አልሁ። የተዝካሩ ቀን እትዬ ከቤታቸው የተላከላቸውን ዳቦ በእጃቸው ባረኩና ቆርሰው ለሁላችን አደሉ። ለማን ነፍስ እንደሆነ አልተናገሩም። እኔም ድርሻዬን ተቀብዬ በላሁ።

አጎቴ ደግሞ በውጭ በኩል አርፈው አልተቀመጡም። የደብራችንን ቄስና ሽማግሌዎች ይዘው በሩ ላይ ይመላለሱ ነበር፤ ይመለሳሉ፣ ደግመው ይመጣሉ። በመጨረሻ ዋስ ጠርተው አስለቀቁኝ። እትዬን አላስለቀቋቸውም፤ ስወጣ «በርበሬዬን ዝናብ እንዳይመታው ለቤቶቼ ንገሪ» አሉኝ፣ ሌላ አደራ አልሰጡኝም። መርማሪው በሩ ላይ ወረቀቴን ሲሰጠኝ «ሂጂ አልቅሺ እንግዲህ» አለ።

«ማን ሞቶ?» አልሁት።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በሚኒባስ ከአጎቴና ከቄሱ ጋር ሄድን። ስለ ማዳበሪያ መጥፋት፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ መንገዱ መዘጋት አወራን። ስለ እናቴ ማንም አላነሣም። አጎቴ ከስተዋል፤ ዓይኔን አያዩም። መርማሪው የነገረኝ ወሬ እኔ ሳልፈታ አገሩን አዳርሷል። እርሳቸው በስልክ ያሏት «ታማለች» እኔን ለማሰር ምክንያት መሆኗንም ሰምተዋል። የእህታቸውን ልጅ ያረዳት የእስር ቤት መርማሪ ነው ተብሎ ሊነገርባቸው ነው፤ ይኸ ደግሞ በእኛ ዘንድ ለሽማግሌ ሰው የማይሽር ነውር ነው።

ቡሬ ያለችው አክስቴ ቤት አደርሁ። ገላዬን አጠበችኝ፣ ትከሻዬን በቅቤ አሸችኝ፣ ራት አበላችኝ። «ነገ እንወጣለን» ብቻ አለች። ወፍ ሲንጫጫ በሩ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉ። ከሴቶቹ ሁለቱ በግራና በቀኝ ተቀመጡና ያዙኝ፤ በቀኝ ያለችው ትከሻዬን ትታ ወገቤን ያዘችኝ። ሁሉን ነገር ያውቃሉ ማለት ነው።

አጎቴ ቆመው ነበር። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሊጀምሩ አልቻሉም። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ልጄ፣ ከእኔ በፊት የነገረሽ ሰው አለ?» አሉኝ።

መልሱን የማያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

«የለም፣ አያ» አልኋቸው። «ማንም አልነገረኝም።»

አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ። ጀርባቸው ቀና አለ።

«እንግዲያስ ስሚኝ፣ ልጄ» አሉ። «እናትሽ አርፋለች።»

እሪ ብዬ ጮህሁ።