የማይቆመው ጣቃ

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ የምትሠራበትን የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ አስጎበኘችኝ። ነጩ ጨርቅ በአንድ በኩል ይገባል፤ ቀለም ውስጥ ጠልቆ፣ ተጨምቆ፣ በእንፋሎት አልፎ፣ ታጥቦና ደርቆ በሌላ በኩል ይወጣል። በመሃል የሚቆምበት ቦታ የለም። ይህን እያየሁ ሳለ ሥራ አስኪያጁ ገባ። ማሽኑ ዘንድ ከተቀመጡት ሠራተኞች አንድም የተነሳለት የለም። ሳቄ አመለጠኝ።

"ምነው ጋሼ?" አለችኝ የእህቴ ልጅ በክርኗ ነካ አድርጋ። ስንወጣ የእናቷን ሠርግ ጨርቅ ነገር አጫወትኳት።

ያኔ ባሕር ዳር የጨርቃጨርቅ ትምህርት ጀምሬ ለዕረፍት ቢቸና ገብቼ ነበር። ታኅሣሥ ነው። ጤፍ እየተወቃ ገለባው በየመንገዱ ይበናል፤ ጾም ስለሆነ ቤታችን ከተልባና ከስልጆ ሽታ አይለይም። እህቴ ይታይሽ በጥር ለአንድ የሞጣ ልጅ ልትዳር ነው። ለሚዜዎቿና ለዘመድ ሴቶች አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቀሚስ ልታሰፋ ፈለገች፤ ልቧ የወደደውን ሰማያዊ ገበያ ላይ ብታጣ አንድ ጣቃ ነጭ ጨርቅ ገዛች። የቸገራት ማቅለሙ ነበር። ጎረቤታችን ለልጇ ሠርግ ጨርቁን ቆራርጣ በበርሜል በየተራ ብትነክረው፣ አንዷ ሚዜ ፈዛዛ፣ አንዷ ጥቁር ለመሆን ጥቂት የቀራት ሆነው አገር ስቆባታል።

"ሞጣዎች ገና ደጃቸውን ሳልረግጥ እንዳይስቁብኝ" አለችኝ ይታይሽ፣ እንባ እንባ እያላት።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም። "ለእኔ ተይው!" አልኳት። አናጢው ጓደኛዬ ደሳለኝ ሁለት ድብልብል እንጨቶች ጠርቦ፣ በአሮጌ ጎማ ለብጦ፣ እርስ በርስ አጣብቆ እጀታ አበጀላቸው። ጨርቁ ሳይቆረጥ ከሥር ባለው ገንዳ ቀለም ውስጥ ያልፋል፤ በእንጨቶቹ መካከል ይጨመቃል፤ ከዚያ ወዲያ ይጠቀለላል። ጥቅሉን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ቀለሙ ወደ አንድ ጎን እንዳይወርድ እያገላበጡ እስከ ማግስቱ ማቆየት፣ ከዚያ ማጠብ ነው። ፋብሪካ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፤ የኛው ግማሹን ሄዶ ግማሹን የሚያርፍ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ ጨርቁ ገንዳው ውስጥ ሳለ ከቆመ፣ የቆመበት ቦታ ቀለም አብዝቶ ይጠጣና ከዳር እስከ ዳር ጥቁር መስመር ይወጣበታል።

"ቤት ቢቃጠል እንዳትለቁ!" ብዬ አስጠነቀቅኋቸው። ከቤት ቃጠሎ የባሰ ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ግቢ ውስጥ ሁላችንም በርጩማ ላይ ተቀምጠን ጀመርን። እኔ እጀታውን አዞራለሁ፤ ደሳለኝ ጨርቁን ወደ ገንዳው ያቀናል፤ ይታይሽ ወዲያ ማዶ ትጠቀልላለች። ግማሽ ላይ ስንደርስ የግቢው በር ተከፈተና የሙሽራው አባት አያ አድማሱ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። የሠርጉን ጉዳይ ከአባቴ ጋር ሊጨርሱ ከሞጣ በአውቶቡስ መምጣታቸው ነበር።

"ኖር!" ብሎ ደሳለኝ ጨርቁን ለቆ ብድግ አለ። ይታይሽ አማቷን ስታይ ተነስታ ነጠላዋን በሁለት እጇ ፊቷ ላይ ሳበች። ጥቅሉ ባለቤት አጣ። እኔ ብቻ እጀታውን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ብነሳ ጨርቁ ይበላሻል፤ ባልነሳ ደግሞ የሙሽራዋ ወንድም ባለጌ ነው ይባላል። በየትኛውም ቢሆን የምታፍረው እህቴ ናት። እጄ ግን ማዞሩን አላቆመም።

"ምን ነካህ ልጄ? ዓይንህ አያይም?" አለች እናቴ ከቤት ብቅ ብላ።

"አያ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ አንገቴን ሰብሬ፣ እያዞርኩ። "ከቆመ ይበላሻል። የይታይሽ ጨርቅ ነው።"

አያ አድማሱ መጀመሪያ እኔን አዩ። ከዚያ ጨርቁን አዩት፤ መጣመም ጀምሯል። "በእግዜር" አሉ ዘግየት ብለው። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ጋቢያቸውን ለእናቴ ሰጡና ደሳለኝ በለቀቀው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

"የቱ ጋ ነው የሚያዘው?"

"ኧረ በማርያም! እንግዳ፣ ያውም አማት!" እናቴ ደረቷን መታች።

እሳቸው ወደ ይታይሽ ዞረው "ልጄ፣ ፊትሽን በኋላ ትሸፍኚዋለሽ፤ አሁን ጠቅልይ" አሏት። ይታይሽ ከነጠላዋ ሥር ሳቀች፤ ተቀምጣም ጠቀለለች። ደሳለኝ የሚቀመጥበት አጥቶ ቆሞ ቀረ።

በማግስቱ ስናጥበው ጨርቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሰማያዊ ነበር። የአያ አድማሱም እጆች እስከ አንጓቸው ድረስ እንደዚያው። ሳሙናም አመድም አላስለቀቀውም፤ እንደዚያው ሆነው ወደ ሞጣ ተሳፈሩ። ገበያ ላይ ሰው "ምን ነካዎት?" ሲላቸው "የልጄን ልብስ ሳቀልም ነው" ይሉ ነበር አሉ። ሴት ልጅ እንደሌላቸው ሞጣ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ይታይሽ በጥር ስትገባ ሰው የወጣው የአያ አድማሱን ልጅ ለማየት ነበር፤ የሳቀባትም አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ "አያቴ እኛ ፋብሪካ ቢቀጠሩ ኖሮ!" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጣቃ አቅልሜያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በሥራዬ ፈርቼም ተደስቼም አላውቅም። አያ አድማሱ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ቀብራቸው ላይ ይታይሽ እንደ ምራት ሳይሆን እንደ ልጅ አለቀሰች፤ ሞጣም እንደ ልጅ አጽናናት።