ያዘመመውን ቤት በሽምግልና ያቀኑት ጋሽ ደምሰው

ጋሽ ደምሰው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሳን ሆዜ በሚገኘው ቤታቸው፣ ልጃቸው ሣራ እጃቸውን ይዛ እንደተቀመጠች አረፉ። ሣራ ስትደውልልኝ ፍሩትቬል አካባቢ ካለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ሰልፍ ይዤ ነበር። በእጄ እሳቸው በዋዜማው ያዘዙኝ አሥራ ሁለት ብሎኖች ነበሩ። የሰማሁትን ስሰማ ብሎኖቹን ወደ መደርደሪያው ልመልሳቸው አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት። ጋሽ ደምሰው ያዘዙት ነገር አይመለስም። ከፍዬ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገችኝ ሣራ ናት። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙም አትናገርም፣ መጻፉንማ ጭራሽ። «አንቺ ጻፊው፤ አንቺ እንደሆነ ዝም ማለት አትችዪም» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። እውነቷን ነው። ጋሽ ደምሰው ከእኔ የበለጠ የተማሩ፣ ከተማሪነት ዘመናቸው ጀምሮ የሚያውቋቸው ጓደኞች አሏቸው። እኔ ምሕረት ነኝ፤ ኦክላንድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሥራ የቀየርኩት። ነገር ግን ካለፈው ዓመት ጥር ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሽ ደምሰው ጋር የዋልኩት እኔ ስለሆንኩ፣ የማውቀውን ልናገር።

እድራችን ከጊልሮይ አለፍ ብሎ፣ የነጭ ሽንኩርት ሽታ በመኪና መስኮት በሚገባበት አገር፣ ቁራሽ የእርሻ መሬት ገዝቷል። ለቅሶም ሰርግም የምንቀመጥበት የራሳችን ቦታ ይኑረን ተብሎ ነው። አፓርትመንት ውስጥ ለቅሶ ተቀምጦ ጎረቤት ግድግዳ የደበደበበት ሰው ነገሩ ይገባዋል። መሬቱ ላይ አንድ ባርን ነበረ፤ ድሮ ድርቆሽ የሚከመርበትና ፈረስ የሚታሰርበት፣ በጣም ያረጀ ትልቅ የእንጨት ቤት። ቆርቆሮው ዝጓል፣ የቋሚዎቹ እግር በስብሷል፣ ቤቱ በሙሉ ደግሞ ወደ ምሥራቅ አዘምሟል። ሰው አጥር ተደግፎ ወሬ ሲያወራ እንደሚቆመው ነበር የቆመው።

የእድራችን ሊቀ መንበር እትዬ ዘነበች በስብሰባ ላይ «በቡልዶዘር ሁለት ሰዓት አይፈጅም፣ እንገላገል» አሉ። አብዛኛው ሰው እጁን ሊያወጣ ሲል ጋሽ ደምሰው ከኋላ ተነሡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ።

«እትዬ ዘነበች፣ ይህ ቤት ታሟል እንጂ አልሞተም። እኛ እድር ነን፤ ከመቼ ወዲህ ነው ሳይሞት መቅበር የጀመርነው?»

ሰው ሳቀ። እኔም ከመሳቅ አልፌ «እርስዎ ደግሞ ውስጡን ሳያዩ ነው የሚያፈርሱት!» ብዬ ለእትዬ ዘነበች ጮኽኩባቸው። እናቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። እትዬ ዘነበች ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነፈጉኝ።

በመጨረሻ ዕድል ተሰጠ። ከካውንቲው፣ ከአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ የመጣው የሕንፃ ኢንስፔክተር ግን ቁርጡን ነገረን፦ ኅዳር ላይ ዝናቡ ሳይጀምር ባርኑ ያለ ምንም ድጋፍ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ይፈርሳል። ጋሽ ደምሰው ዓይናቸውን ኦፕሬሽን ካደረጉ በኋላ ፍሪዌይ ላይ መንዳት ትተው ነበርና፣ እናቴ እኔን ሳትጠይቅ «ልጄ ትወስድዎታለች» አለች። እንዲህ ሆኜ ነው የገባሁበት።

መንገዱ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጭቅጭቅ ነበረን።

«ቀስ በዪ።»

«ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ቲኬት ይሰጡኛል። ሰው ሁሉ እኮ ክላክስ እያደረገብን ነው።»

«ያድርጉ። ቀጠሯችን ከእንጨት ጋር ነው። እንጨት ሰዓት አያይም።»

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ከባርኑ ሁለት ትልልቅ ቋሚዎች አናት ላይ የብረት ገመድ አሰሩ። ገመዶቹን ከዘመመበት በተቃራኒ በኩል መሬት ላይ ከተተከሉ፣ እጀታቸው ሲዞር ገመድ ጠቅልለው ከሚስቡ ሁለት የእጅ ዊንቾች ጋር አገናኙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ዊንቾች እኩል፣ በአንድ ጊዜ፣ ግማሽ ዙር ብቻ ይዞራሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ማንም አይነካቸውም። እኛ በቀረው ሰዓት የበሰበሰ የቋሚ እግር ቆርጠን አዲስ እንቀጥላለን፣ የተነቀለ ሳንቃ እንመታለን። ከመሄዳችን በፊት ጋሽ ደምሰው ከኪሳቸው ቱንቢያቸውን ያወጣሉ፤ በክር የተንጠለጠለ፣ ጫፉ የሾለ የነሐስ ክብደት። ከወራጁ፣ ጣሪያውን ከተሸከመው አግዳሚ እንጨት ላይ፣ ያንጠለጥሉትና ዥዋዥዌው እስኪቆም ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። ከዚያም መሬቱ ላይ ካሰመሩት ምልክት ምን ያህል እንደጎደለ በጣታቸው ይለካሉ።

«ግማሽ ዙር?» አልኳቸው በመጀመሪያው ቀን። «በዚህ አያያዝ ቤቱ ሲቃና እኔ ጡረታ እወጣለሁ።»

«አንቺ ጡረታ ለመውጣት መጀመሪያ አንድ ሥራ ላይ መቆየት አለብሽ» አሉኝ ሳይስቁ። ቀጥለውም፣ «ይህ ቤት የዘመመው በአንድ ቀን አይደለም። እንጨት እንደ ተኳረፈ ሰው ነው፤ በሽምግልና እንጂ በጉልበት አይመለስም። ትንሽ ሳብ ማድረግ፣ ከዚያ መተው። አድሮ ያስብበት» አሉ።

ስለ ሽምግልና ካነሣሁ አይቀር፣ በሁለተኛው ወር አንዱን ዊንች ለእኔ፣ ሌላውን ለእትዬ ዘነበች ሰጡ። ሆን ብለው ነው። «እኩል ካላዞራችሁ ቤቱ ይጣመማል፤ ስለዚህ አብራችሁ ቁጠሩ» ብለውን ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔና እትዬ ዘነበች ሳንተያይ፣ ለቆርቆሮው እንደምንናገር ሁሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ቆጠርን። በአራተኛው ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ጓንት ይዘውልኝ መጡ።

«እጅሽ ተልጦ እናትሽ እኔን እንዳትወቅሰኝ ብዬ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

«አታውሪኝ፤ ቁጠሪ።»

ጋሽ ደምሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቁ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ እሳቸውን ያወቅኋቸው በእሱ ነውና። መስከረም ሲገባ ቱንቢው ገና አራት ጣት ይጎድለው ነበር። ኅዳር መጣ መጣ ይላል። በዚያ ላይ ጋሽ ደምሰው ሐኪም ዘንድ መመላለስ ጀምረው ነበር። አንድ ረቡዕ ከሥራ ወጣሁ፤ ማለቴ ጥዬ ወጣሁ፣ ለቅቄያለሁ። የሚደረግ ነገር ስላጣሁ ወደ ባርኑ ነዳሁ። ብቻዬን። አንዱን ዊንች ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩትና ሌላውን ለማዞር ስሮጥ ከጣሪያው ሥር ጥይት የተተኮሰ መሰለኝ። ቀና ስል ትልቁ ወራጅ ክንድ የሚያህል ተሰንጥቋል።

ደወልኩላቸው። ሣራ ኩፐርቲኖ ካለው ቢሮዋ ወጥታ፣ እሳቸውን ከቤት ይዛ አመጣቻቸው። ሥሩ ቆመው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ገመዱን ልቀቂ» አሉኝ። ለቀቅኩ። የሦስት ወር ሥራ ዓይኔ እያየ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ደግ ነበሩና አልተቆጡም ብዬ አልዋሽም። ተቆጥተዋል። «ሂጂና መኪናሽ ውስጥ ተቀመጪ፤ አሁን ላይሽ አልፈልግም» ብለውኛል። ተቀመጥኩ። ሁለተኛ እዚህ አልደርስም እያልኩ ስምል የመኪናው በር ተከፈተና አጠገቤ ገቡ። ቱንቢውን በመዳፋቸው ይዘውታል።

«ይህ የአባቴ ነው» አሉኝ። «አባቴ አናጢ ነበሩ። ያውም ሰው ከሩቅ የሚፈልጋቸው። አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሊያስገቡኝ ይዘውኝ ሲመጡ ፎርም ሰጡኝ። ‹የአባት ሥራ› ይላል። ያኔ ባለ እጅ ይናቅ ነበር። ልጆቹ እንዳይስቁብኝ ፈራሁና ‹ገበሬ› ብዬ ጻፍኩ። አባቴ አጠገቤ ቆመው ነበር። ማንበብ ይችሉ ነበር፣ ምሕረት።»

«ምን አሉ?»

«ሊመለሱ ሲሉ ይህን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። እኔ ወደዚህ አገር መጣሁ፣ ኢንጂነር ሆንኩ፣ ሳኒቬል ቢሮ ተቀምጬ ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ላይ ሠራሁ። እሳቸው ሞቱ። አንቺ ያጠፋሽውን በብረትና በብሎን እንጠግነዋለን። እኔ ያጠፋሁት ነው መጠገኛው የጠፋኝ።»

ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «በይ ተነሺ፤ ሰጋቱራውን የሚጠርግ ሰው የለም» አሉኝ። ተነሣሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም።

ኢንስፔክተሩ መጥቶ ስንጥቁን አየና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሆኖም የቀጠልናቸውን እግሮች አንድ በአንድ በእጁ ዳስሶ እስከ ጸደይ ጨመረልን፤ ሌላ ጭማሪ እንደሌለም ነገረን። ስንጥቁን በሁለት በኩል በብረት አቅፈን አሰርነው። ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ዙር እያልን እንደገና ሄድን። ጋሽ ደምሰው በክረምቱ ከሱ። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ግን በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከወንበራቸው ሆነው ያዛሉ። በየካቲት ቱንቢው ምልክቱን ነካ። ሰው አጨበጨበ። እሳቸው ግን «ሁለት ጣት አሳልፉት» አሉ።

«ደምሰው! አሁን ደግሞ ወደዚያ ልትጥለው ነው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«የታረቀ ሰው ትንሽ ወደ ጥንቱ ማለቱ አይቀርም። ለዚያ ቦታ መተው ነው። እርቁ የሚታወቀው ገመዱ ሲፈታ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩና፣ «ገመዱን እናንተ ሁለታችሁ ትፈቱታላችሁ» አሉ።

«እኔ? የሰነጠቅኩት እኔ አይደለሁም እንዴ!»

«ለዚያ ነው። አንቺ ሁለተኛ አትቸኩዪም።»

ገመዱ ሊፈታ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው አረፉ።

በቀጠሮው ቅዳሜ ሄድን። ያን ሳምንት አሥራ ሁለቱን ብሎኖች በየቦታቸው አስገብቻቸዋለሁ። ሣራ ቱንቢውን ራሷ ሰቀለች። ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ቆሟል። እኔና እትዬ ዘነበች ዊንቾቻችንን ይዘን ተያየን፤ አዎ፣ ተያየን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ግማሽ ዙር ለቀቅን። ባርኑ አቃሰተ። ቆመን ጠበቅን። እንደገና። የቱንቢው ጫፍ ወደ ምልክቱ መንፏቀቅ ጀመረ፤ ግማሽ ጣት፣ አንድ ጣት፣ አንድ ጣት ተኩል። ገመዱ ረግቦ መሬት ወደቀ። ቱንቢው ወደ ምልክቱ ሊመለስ ግማሽ ጣት ሲቀረው ቆመ። አልተንቀሳቀሰም። ኢንስፔክተሩ ቋሚውን በትከሻው ገፋው፣ ሌላውንም ገፋው፣ ከዚያ «ቤቴ እንኳ እንዲህ ቀጥ አላለም» ብሎ ወረቀቱን አወጣ። እትዬ ዘነበች መሬት ላይ ቁጭ ብለው ጓንታቸውን ሳያወልቁ አለቀሱ። እናቴ ስታቅፈኝ ነው እኔም እንደማለቅስ ያወቅኩት።

ጋሼ፣ ይህን ግን ለእርስዎ ነው የምነግርዎት።

ኢንስፔክተሩ የሰጠን ፎርም ግርጌ ላይ ሥራውን የሠራው ሰው ስምና ሙያ ይጠይቃል። እትዬ ዘነበች «ኢንጂነር በዪ፣ ክብራቸው ነው» አሉኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ቸኩዬ አይደለም የጻፍኩት። «ደምሰው ኃይሌ። አናጢ። የአናጢ ልጅ።» ኢንስፔክተሩ የመጨረሻው አያስፈልግም አለኝ። ያስፈልጋል አልኩት። እኔን ያውቁኛል፤ ሲቸግረው ተወው። አሁን ካውንቲው መዝገብ ውስጥ አለ፣ ጋሼ። አባትዎ ማንበብ ይችሉ አልነበር? ያንብቡት።

አርባዎን ባርኑ ውስጥ እናወጣለን። ግድግዳ የሚደበድብ ጎረቤት የለም። ቱንቢውን ሣራ ከወራጁ ላይ አላወርድም ብላለች፤ ዥዋዥዌ ሲል ብቻ ሄዳ ታረጋጋዋለች። እኔ ደግሞ ስድስተኛ ሥራዬን ጀምሬያለሁ፣ ኦክላንድ አንድ አናጢ ዘንድ። አምስተኛ ሳምንቴ ነው። ይሳቁ፣ ግድ የለም፤ ፊትዎን ወደ ግድግዳ ማዞር አያስፈልግዎትም።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። ገመዱ ተፈቷል፣ ቤቱም ቆሟል። መንገዱን ቀስ ይበሉበት፤ ክላክስ የሚያደርግብዎት የለም።