ቡና ቀላ፣ ኮቱ

ልብስ ሰፊ ጆሮ አያስፈልገውም፤ ዓይንና ጣት ካለው ይበቃዋል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ከስፌት መኪና ጋር ተፋጥጬ ስኖር ጆሮዬን ለመኪናዋ ገበርኩላት። አሁን ዓይኔም ጆሮዬን ሊከተል ጓዙን እየሸከፈ ነው። ጣቴ ብቻ ቀርታኛለች፤ እሷም ደስ ሲላት ነው የምትታዘዘኝ። ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ባለፈው የለቀማ ሰሞን ሊሙ ገነት ላይ የደረሰብኝን ስታነቡ ጥፋቱን በጆሮዬና በስልኩ መሀል እኩል እንድታካፍሉልኝ ነው።

ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ከሞተች ቆይታለች። ልጆቼ በየአገሩ ጎጆ ወጥተው ማታ ማታ በስልክ «አባ፣ በላህ?» ይሉኛል፤ እኔም ሳልበላ «በላሁ፣ አልሀምዱሊላህ» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ስከሳ አንዲት የሊሙ ገነት ሴት ሱቄ መምጣት ጀመረች። እንደኔው ብቻዋን የቀረች፣ የቡና ማሳዋን ራሷ የምታሠራ ሴት ናት። መጀመሪያ የመጣችው ቀሚስ ልታሳጥር ነው። ቀጥላ ያሳጠረችውን ልታስረዝም መጣች። ከዚያ በኋላ ስትመጣ ጨርቅም አልያዘች። ጆሮዬ እንጂ ልቤ አልደነቆረም፤ ገባኝ።

ሱቄ ግድግዳ ላይ አንድ ክሬም ኮት ተሰቅሏል። ለራሴ የሰፋሁት ነው፤ የምለብስበት ቀን ጠፍቶ አቧራ ሲለብስ የኖረ።

«ይሄን ኮት ለመቼ ነው የሚያስቀምጡት፣ ኦቦ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ለሠርጌ።»

«ሙሽራዋ ማን ናት?»

«እስካሁን አልነገርኳትም።»

«ይንገሯታ።»

ነገርኳት። ሻሿን አስተካከለች፣ ኮቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና ኮቱን አየችው። «ቡናው ይድረስ» አለች። «ያኔ እነግርዎታለሁ።»

ያን ክረምት እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ከሊሙ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር «ቡናው እንዴት ነው? አበባው ያዘ? ዝናቡ አልጎዳውም?» እያልኩ መድረሻ ሳሳጣው፣ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የቡና ንግድ ሊገባ ነው ተብሎ ተወራ። አንድ ነጋዴማ ዘንድሮ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ መጥቶ አማከረኝ። አማከርኩት። አክስሬው ይሆናል።

ጥቅምት ሲጋመስ ስልኬ ጮኸ። እሷ ነች። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ከኋላዋ ዶሮ ይጮሃል። «ለቅዳሜ» የሚል ሰማሁ። ከዚያ ጥርት ብሎ «ቡና ቀላ፣ ኮቱ» አለች፤ መስመሩ ተቋረጠ።

አንባቢዬ፣ አንተ ምን እንደሰማህ አውቃለሁ፤ ቡናው ቀይ ሆነ፣ ለለቀማ ደረሰ ነው ያልከው። እኔ ግን ጅማ ነው ያደግሁት። እዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ያልቃል፤ መሀል ላይ አንድ ወላሂ ይገባበታል። በኦሮምኛ ቡና ቀላ ማለት የታረደ ቡና ነው። ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና፣ ጀንፈሉን፣ ጫፍ ጫፉን ይነክሱትና በቅቤ ይጠብሱታል፤ ይበላል። ከብት እንደ ማረድ ነው ክብሩ። ምርቃት ሲኖር፣ ዕርቅ ሲኖር፣ ሰውና ሰው ሊተሳሰር ሲል ይቀርባል። ልዩነቱ «ላ» ይጥበቅ ይላላ ነው። ያንን ደግሞ ስልኩም ጆሮዬም አልነገሩኝም። እናም እንዲህ ሰማሁ፦ ቅዳሜ ቡና ይታረዳል፤ ኮቱን ልበስ።

ከዚህ የበለጠ እሺታ ከየት ይመጣል?

ሁለት ጓደኞች አሉኝ። አንዱ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አብረን አፈር ፈጭተን ያደግን፣ አሮጌ ፒካፕ ያለው። ሌላው ከጎጃም መጥቶ ጅማ የቀረ በርጩማ ጠራቢ ነው፤ ጠጅ ከቀመሰ የማያስታርቀው ሰው የለም። ለሽምግልና ከእነሱ የተሻለ አላገኘሁም። እውነቱን ለመናገር ሌላም አልፈለግሁም። ቅዳሜ ጧት ማሰሮ ማር፣ ቴምርና አንድ ሻርፕ ጭነን ወጣን። ለሰፈሩ «ቅዳሜና እሁድን ልንዝናና ነው» አልን። ክሬም ኮትና ክራቫት ለብሼ፣ የተወለወለ ጫማ አድርጌ ልንዝናና ነው ስል ማን እንዳመነኝ እንጃ።

«እርግጠኛ ነህ ግን በደንብ መስማትህን?» አለኝ ነጋዴው መሪውን ይዞ።

«ወላሂ ሰምቻለሁ።»

«አሰንዳቦ የሄድን ጊዜም ወላሂ ብለህ ነበር» አለ በርጩማ ጠራቢው። «የምግብ ቤቷ አስተናጋጅ ‹ምሳ አልቋል› ስትለው ‹ምሳ ይሞቃል› ብሎ ሰምቶ፣ እስኪመሽ በባዶ ሆዳችን ጎልቶን ዋለ።»

«ቢሞቅስ ኖሮ?» አልኩ።

መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ ቆመን ቁርስ በላን። ጨጨብሳ በማርና በቅቤ አዘዝን፤ በርጩማ ጠራቢው ጠጅ፣ እኔና ነጋዴው ብርዝ። ምግቡ ጣት ያስቆረጥማል፤ እኔ ግን ቅቤ ኮቴ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፈርቼ ቆሜ፣ ወገቤን ሰብሬ፣ አንገቴን እንደ ግመል አስግጌ ነበር የምጎርሰው። የቤቱ ባለቤት አይታ አይታ አላስቻላትም።

«ሠርገኞች ናችሁ?»

«አዎ» አለ ነጋዴው።

«ሙሽራው ከኋላ ነው የሚመጣው?»

«የለም፣ ይሄው ቆሞ ይበላል።»

«አስተግፊሩላህ፣ እኔ የሙሽራው አባት መስለውኝ።»

«አያቱ ብትዪም ቅር አይለውም» አለ በርጩማ ጠራቢው፣ ብርሌውን እያስሞላ። ሴትዮዋ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እኔም ስስቅ ብርዙ ትን አለኝ። ኮቱን ግን አተረፍኩት።

ሊሙ ገነት ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቃለች። ወደ ግቢዋ ስንገባ የታረደም የተጠበሰም ነገር አይሸትም። ሴቶች ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው ወደ ማሳው ይወርዳሉ። እሷ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ መሀል ቆማ ታዛለች። ዞር ስትል አየችን። ክራቫቴን፣ ማሰሮውን፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ሐውልት የቆሙትን ሁለት ሽማግሌዎች ተራ በተራ አየች። ለቃሚዎቹም ቆሙ።

«ማሎ፣ ኦቦ» አለች በቀስታ፣ «ጅማ ለቀማ በክራቫት ሆነ እንዴ?»

ያኔ ዞሬ ማሳውን አየሁት። ቡናው እስከ ዛፉ አናት ቀልቷል። ያፈረ ሰው ፊት እንዲህ አይቀላም፤ የኔን ሳይጨምር።

ነጋዴው ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ይሞቃል አላልክም?» አለኝ።

ምን አደርጋለሁ? ቅርጫት ሰጠችኝ፣ ተቀበልኩ። ቦቲ ሰጠችኝ፣ አደረግሁ። «ኮቱን ያውልቁታ» ስትለኝ ግን እምቢ አልኩ። የልብስ ሰፊ ሸሚዝ ኮሌታውና ደረቱ ብቻ ነው ደህና፤ ጀርባውን አላህና የስፌት መኪናዬ ናቸው የሚያውቁት። ስለዚህ በክሬም ኮት እሸት ቡና ለቀምኩ። የሊሙ ሴቶች እንደዚያ ቀን ስቀው ያውቁ እንደሆነ ጠይቁልኝ።

በርጩማ ጠራቢው ግን የመጣበትን ተልእኮ አልረሳም። ሁለት ረድፍ እንደለቀምን ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ቅርጫቱን እንደታቀፈ ሰገደና ጀመረ።

«እንግዲህ እሜቴ፣ የመጣነው ለለቀማ ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ አለን።»

«የትኛው ልጅ?»

«ይሄ ልጃችን።»

ቅርንጫፉን ገልጣ አየችኝ። «እኒህ የፊት ጥርስ የሌላቸው ልጅ?»

«ገና እየበቀለለት ነው» አለ ነጋዴው።

ሳቀች። ከዚያ ወደ ቅርንጫፏ ተመልሳ፣ ለቀማዋን ሳታቋርጥ «እኔ መልሴን ለራሳቸው በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። ምን ሽማግሌ አስፈለገ?» አለች።

ቅርጫቴ ከበደኝ። በስልክ የሰማሁት ቡና ቀላንና ኮቱን ብቻ ነው፤ ቡና ቀላው ደግሞ ቡናው ቀይ ነው ማለት ሆነ። ታዲያ መልሱ የታለ? ሌላ ያለችው በዶሮው ጩኸት ውስጥ አልፎኝ ይሆን? ሴት ልጅ በስልክ መልስ ሰጥታ፣ ሽማግሌ ምን ያደርጋል ካለች፣ መልሱ እምቢ ነው። ደግሜ ልጠይቃት አልኩ፤ አፈርኩ። የመጣሁበትን ነገር አልሰማሁም ብሎ በክራቫት መጠየቅ እንዴት ይቻላል?

ዓይኔ ፈዘዘና ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ እሸመጥጥ ጀመር። መጥታ ቅርጫቴ ውስጥ እጇን ሰደደች፤ ጥሬ ጥሬውን መርጣ አወጣች።

«ያልቀላውን ለምን ይነካሉ? አይቸኩሉ።»

«የቸኮልኩት ጊዜ ስለሌለኝ ነው» አልኳት። «እኔ መቅላቱም አልፎብኛል። ደርቄ ጀንፈል ሆኛለሁ።»

«ጀንፈልም ሥራ አለው» ብላ ወደ ረድፏ ሄደች። ይህንንም በደንብ መስማቴን ተጠራጠርኩ።

ለቀማው ሲያበቃ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ግቢው ጨዋታ ሆነ። ጩኮ መጣ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፤ ወተት መጣ፣ አቮካዶ በየእጃችን ተሰጠን። ለቃሚዎቹ ክብ ሠርተው በጭብጨባ ጀመሩ፤ አንዷ ታወጣለች ሌሎቹ ይቀበላሉ። ግጥሙን ገጣጥሜ ስሰማው ስለ አንድ ኮት ነው። ኮቱ ነጭ ነበር፣ ቡና መሰለ ይላል። እንግዲህ ተዘፍኖብኝ ዝም ማለት አልችልም፤ በቦቲዬ መሀል ገባሁ። ከጉልበቴ አንዱ ሲታዘዝ አንዱ እያመፀ ትከሻዬን ስነቀንቅ የኮቴ ቁልፍ ተፈናጥራ ከመሬት አረፈች። ሁሉም አጨበጨበ። እሷ ጎንበስ ብላ ቁልፏን አነሳች፤ እጇንም ወደ እኔ ዘረጋች። «ያምጡት፣ ላጽዳው» አለች። አሁን ደክሞኝ ስለነበር ለጀርባዬም ግድ አልሰጠኝም፤ አውልቄ ሰጠኋት። የሸሚዜን ጀርባ አይታ እንዳላየች ኮቱን አጠፈችው። ትልቅ ሴት ናት።

ከተማው ውስጥ አልጋ ይዘን አደርን። ሁለቱ ያንኮራፋሉ፤ እኔ እምቢታዋን ሳገላብጥ አደርኩ።

እሁድ ጧት ልንሰናበት ስንሄድ ከበሩ ጀምሮ የቅቤ ሽታ ተቀበለን። ጓዳው ደጃፍ ምጣድ ላይ አንድ ነገር ይንጣጣል። ኮቴ አጥር ላይ ተሰቅሏል፤ የቡናው እድፍ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ ቁልፏ ግን በቀይ ክር ተተክላለች። ስፌቱን እንደ ሙያተኛ ካያችሁት አሳፋሪ ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚያምር ስፌት አላየሁም።

ከምጣዱ ቀና ብላ ወደ እኔ «ኮቱ» አለች።

ሄጄ ኮቱን ከአጥሩ አወረድኩ። አራገፍኩት። እጅጌውን አጠለቅሁ፣ ቁልፉን ቆለፍኩ።

«ኮቱ እያልኩ» አለች።

«ለበስኩት እኮ።»

ነጋዴው ጓደኛዬ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እየሳቀ መሆኑን ያወቅሁት ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው። በርጩማ ጠራቢው «ምንድን ነው?» እያለ ሁለታችንን ያያል።

«በስልክም እንዲሁ ነው የሰማኸው?» አለችኝ።

«ኮቱን ልበስ ነው ያልሽው።»

«ና ነው ያልኩት። በኦሮምኛ ኮቱ።»

በልጅነቴ እናቴ በቀን መቶ ጊዜ የጠራችኝ ቃል ነው። ቡና ቀላን በአማርኛ ብላኝ በኦሮምኛ ሰማሁ፤ ኮቱን በኦሮምኛ ብላኝ በአማርኛ ሰማሁ። ሁለት ቋንቋ አውቃለሁ እያልኩ የኖርኩት ለዚች ቀን ነው።

«እሺ፣ ና ማለትሽ መልስ ነው?» አልኩ፣ አሁንም ያልገባኝ።

ወደ ነጋዴው ዞረች። «አንቱ ይንገሩት። ለትልቅ ሰው በኦሮምኛ እንዴት ነው ና የሚባለው?»

«ኮታ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ኮቱ ለአንተ፣ ኮታ ለእርስዎ ነው።»

«ኮቱ ለማን ይባላል?»

«ለልጅ።»

«ሌላስ?»

ነጋዴው ወደ እኔ አየ። «ለባል» አለ።

ክረምቱን ሙሉ «እርስዎ» ስትለኝ የኖረች ሴት፣ ባንዲት ቃል አንቱታዬን አውልቃልኝ ነበር። እኔ ደግሞ በምትኩ ኮት ለበስኩ። ማሳው ውስጥማ በሰው ፊት አፍራ አንቱ አለችኝ፤ እኔ እንደሰማኋት አምናለች።

በርጩማ ጠራቢው ቀስ ብሎ ገብቶት «ታዲያ ማሩን ልስጥ?» አለ። ሰጠ፤ ከአማርኛም ከኦሮምኛም ቀላቅሎ መረቀን።

ከምጣዱ በማንኪያ አነሳች። ጀንፈል ነው፤ ጫፍ ጫፉ ተነክሶ በቅቤ የተጠበሰ። መዳፌ ላይ አደረገችው። ትኩስ ነው፣ ቅቤው በጣቶቼ መሀል ወደ እጅጌዬ ፈሰሰ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ኮቱ አልተጨነቅሁም።

«ብላ» አለችኝ።

ይሄኛውን ሰማሁት። «ቢስሚላህ» ብዬ ቆረጠምኩት፤ በቀሩት ጥርሶቼ።

አሁን ልጆቼ ማታ «አባ፣ በላህ?» ሲሉኝ ስልኩን ለእሷ አቀብላለሁ። እሷም ምግብ ሲደርስ ከጓዳ «ኮቱ» ብላ ትጠራኛለች። ቃሉን አሁን በደንብ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ከመሄዴ በፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮት አወርድና፣ ባለ ቀይ ክሯን ቁልፍ ቆልፌ፣ ለብሼው እቀርባለሁ።